ማን አለቀሰ?

ጥቅምት ፬

ኪዳን ተደረሰ። ልብስ ታጠበ፤ አልደረቀም። ፀሐይ ወጥታም በረደ። ጽጌ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቆየ፤ ከዚያ ሽሮ ተቀመሰ። ገበያ ተወጣ፣ ሽንኩርት ተገዛ፣ ተመለሰ። በቃ። ተዋለ።

ሌላ ምን አለ? … አዎ፣ አንድ ነገር አለ። ከስልኩ ትምህርት ቤት እርማት መጣ።

«የስልኩ ትምህርት ቤት» የምለው እኔ ነኝ። ልጄ ኤደን «አባባ፣ ኦንላይን ነው የሚባለው» እያለች ታርመኛለች። ያስመዘገበችኝም እሷ ናት፤ አዳማ ባሏ ቤት ሆና። እናቷ ካረፈች በኋላ «ቤት ተቀምጠው ከግድግዳ ጋር ከሚያወሩ ይማሩ» አለችኝ። የአማርኛ ዲግሪ። አቶ ይሻው የሚባሉ ርእሰ መምህር ደግሞ ዲግሪው ከተገኘ ትምህርት ቤታቸው እንዳስተምር ቃል ገብተውልኛል። ልጆች ሲንጫጩብኝ ቢውሉ ደስ ይለኛል። እዚህ ቤት እንደሆነ ከአይጧ በቀር የሚንጫጫ የለም።

የዚህ ወር ትምህርት ድርሰት መጻፍ ነው። ርእሱ «የማልረሳው ቀን»። የውዴን ቀብር ጻፍሁ፤ የባለቤቴን። አሳምሬ ነው የጻፍሁት። ሰው ጠፍቶ እንጂ ለሰው ባነበው ያስለቅስ ነበር።

መምህርቷ እመቤት ባዩ ትባላለች። አይቻት አላውቅም። አዲስ አበባ ትኑር ሐዋሳ ትኑር እንጃ። ከሷ የሚደርሰኝ ስሟና ቢጫ ቀለሟ ብቻ ነው። እርማት ያለበትን ቦታ ቢጫ ትቀባና ዳር ላይ ትጽፋለች። የኔ ጽሑፍ ዛሬ የአደይ አበባ ማሳ ሆኖ መጣ። አንዱ «ተለቀሰ» ያልሁበት ቦታ ነው። ዳር ላይ፦

«ማን አለቀሰ? አንተስ የት ነበርክ?»

አንተ?

ከታች ደግሞ፦ «እርማቱን አይተህ እንደገና ጽፈህ ላክ።» ሦስት ጊዜ መላክ ይቻላል። በሦስተኛው ያላለፈ ከትምህርቱ ይወጣል።

ጥቅምት ፭

አንተ … ነግቶም ከራሴ አልወጣ አለ።

ይህ ከተማ ከባጃጅ ነጂው እስከ ሹሙ አንቱ ይለኛል። መሪጌታ አያሌው። ጥምጣሙ አለ፣ ሽበቱ አለ፣ ዕድሜውን በቅኔ የፈጀ አፍ አለ። ስልክ ግን ጥምጣም አያሳይም። ለእመቤት አያሌው የሚባል አንድ ተማሪ ነኝ፤ ምናልባትም ጎረምሳ።

ልቆጣ ፈለግሁ፤ ቁጣው አልመጣ አለኝ። ውዴ ሰው ፊት አንቱ፣ በሩ ሲዘጋ አንተ ነበር የምትለኝ። «አንተ፣ እግርህን ታጠብ።» «አንተ፣ እስካሁን የት ነበርህ?» ዓምና ካረፈች ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው የለም። ይህች መምህርት የመጀመሪያዋ ናት። «ነበርክ» የምትለው አነጋገሯ ብቻ ነው የአገራችን ያልሆነው።

ጥቅምት ፱

አዲስ ድርሰት ተጀመረ … አይ፣ ጀመርሁ። «ማን ጀመረ?» ትለኛለች ደግሞ።

እርማትስ ለኔ እንግዳ ነገር አይደለም። እስቴ ቅኔ ቤት ሳለን የኔታ ገብረየሱስ እንዲህ ነበር የሚያርሙን። ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ሲያስብ ይውልና ማታ ቅኔውን ይዞ ይቀርባል። ይናገራል። የኔታ ይሰማሉ፤ ምሥጢሩ የተፋለሰውን፣ ቤቱ ያልመታውን እዚያው ያቃናሉ። አበቃ። በነጋታው አዲስ ይዞ መምጣት ነው። አንድ ጊዜ ጌጡ የሚባል ጓደኛችን ማታ የታረመለትን ቅኔ አስተካክሎ በማግሥቱ ይዞት መጣ። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙትና «ጌጡ፣ ትናንት የበላነውን ነው ዛሬም የምታጎርሰን?» አሉት። ጌጡ ትራፊ ተባለ። አሁን የደብር አለቃ ሆኖ እንኳ እኛ የምናውቀው ጌጡ ትራፊ ብለን ነው።

የተነገረ ቅኔ የፈሰሰ ውኃ ነው፤ እርማቱ ለሚመጣው ነው። እና የውዴን ወዲያ ተውሁት። ከዚህ ወደ አንበሳሜ በሚኒባስ ስሄድ ዝናብ የያዘንን ቀን ጻፍሁ። እርማቷን ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ተጠቅሜበታለሁ። ባለቤት የሌለው አንድ ግሥ የለም። ሾፌሩ ነዳ። ረዳቱ ጮኸ። አንዲት ሴትዮ ዶሮዋን ጉያዋ ሸጎጠች። እኔ ጋቢዬ ራሰብኝ። እንግዲህ «የት ነበርክ» ትበለኝ። መኪናው ውስጥ ነበርሁ።

ተላከ። ላክሁ።

ጥቅምት ፲፬

መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ተተኛ።

ጥቅምት ፲፰

ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱ ላይ ተወጣ። እዚያ ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ሁሉም ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ቆሟል። ያላወቀ ምሕላ ላይ ነን ብሎ ያስባል። የኔ ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አንዱ ኤደን ናት፤ «ደኅና ነዎት? በጣም ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚል። ሌላው የቴሌ ማስታወቂያ። ከእመቤት ምንም የለም።

ከልጄ መልእክት ይልቅ የእመቤትን ቢጫ ቀለም መጠበቄ ገረመኝ። ምን ሆንሁ? ልጄ «ደኅና ነዎት» ትላለች፤ ደኅና ነኝ እላለሁ፤ ያልቃል። ይህች ግን ትጠይቃለች። ያልመለስሁላት ጥያቄ አላት። መልስ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ደግ ነገር ነው።

ጥቅምት ፳፪

መጣ። ቢጫ የለበትም። አንድ መስመር ብቻ፦

«አያሌው፣ ይህ ሌላ ጽሑፍ ነው። እርማቴን አላየኸውም? የመጀመሪያው የት ደረሰ? አሁን አንድ ዕድል ብቻ ቀርቶሃል።»

አላየኸውም? እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ እኮ! ሌላ ጽሑፍ መሆኑንማ አውቃለሁ። ታዲያ ምን ይዤ ልምጣ? ትራፊ?

በጣም ከፋኝ። ጻፍሁ አጠፋሁ፣ ጻፍሁ አጠፋሁ። መልስ አልላክሁም። ሽሮውም ሳይበላ ቀረ።

ጥቅምት ፳፯፣ መድኃኔ ዓለም

ዛሬ መወድስ ተቀኘሁ። «ይበል! ይበል!» ተባለ። ቄስ ሞላ፣ የውዴ ወንድም፣ ከቅዳሴ በኋላ ትከሻዬን ይዞ «አንቱ፣ ዛሬስ አጥንት ሰበሩ» አለኝ። ደስ አለኝ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ።

ቁልፉን ከፍቼ ገባሁ። ውዴ ብትኖር «ዛሬ ምን አልህ?» ትለኝ ነበር። ግዕዙን በአማርኛ እፈታላታለሁ። ታዳምጥና «ይህን ለማለት ነው? ታዲያ ፊቱኑ በአማርኛ አትለውም?» ትላለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የኔታ ያላረሙኝን እሷ ታርመኝ ነበር።

ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ለሦስተኛው ድርሰት የይፋግን ገበያ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ይህን ካላለፍሁ አበቃልኝ። ለአቶ ይሻው ምን እላቸዋለሁ? ለኤደንስ?

ኅዳር ፪

የይፋግ ገበያ አለቀ። ልልከው ዳገቱ ላይ ወጣሁ። ማስተዋልን አገኘኋት። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ የስልኩ ትምህርት ቤት ውስጥ አብራኝ ትማራለች። ፈተና ልንቀመጥ ስንሄድ ነው የተዋወቅነው። እሷም እመቤት ናት የምታርማት።

እርማቱን እንዴት እንደምታደርገው ጠየቅኋት። ውጤቷን አይታ እንደምትዘጋው ነገረችኝ። ቢጫውንስ ብላት፣ «ተቀበል» የሚል ምልክት እንዳለ፣ እሱን ከተጫኑት ቢጫው ራሱ እንደሚጠፋ አሳየችኝ። ሳታነቢው? አዎ ሳላነበው። የክፍሉ ልጆች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት አለች። አዘንሁ። ለእመቤት አዘንሁላት። ያቺ ልጅ የትም ትኑር፣ ለስንት ሰው ቀለም ስትቀባ ትውላለች፤ የሚያነባት የለም። እሷም እንደኔ ከግድግዳ ጋር ነው ለካ የምታወራው።

ማስተዋል የኔን ጠየቀችኝ። ነገርኋት። የመጀመሪያውን ከነእርማቱ እንደተውሁት፣ አዲስ እንደጻፍሁ፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛ አዲስ ይዤ እንደመጣሁ። ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠችው።

«ውይ በሞትሁት! መሪጌታ፣ አዲስ አይደለም እኮ የሚፈለገው። ያችኑ የመጀመሪያዋን ነው። እሷኑ አቃንተው መልሰው እንዲልኩ ነው።»

«ያችኑ?»

«ያችኑ። እስኪጠግቡ ድረስ ያችኑ።»

ስልኬን ኪሴ ከተትሁ። የይፋግ ገበያ አልተላከም።

«እንደገና ጽፈህ ላክ።» እንደገና … ለኔ አዲስ ማለት ነው። ለእመቤት ያችኑ ማለት ነው። አማርኛ አውቃለሁ ብዬ ዲግሪ ልቀበልበት!

ኅዳር ፫

ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። የቅኔ ቤት ልማድ ነው እያልሁ ራሴን ሳባብል። ልማድስ ነው። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «አንተስ የት ነበርክ?» ስትለኝ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ የገባሁት ለምንድን ነው? ከሚኒባሱስ ወርጄ ይፋግ ገበያ መሐል የተደበቅሁት?

ወደዚያ ቀን መመለስ አልፈልግም። ይኸው ነው።

ኅዳር ፮፣ ቁስቋም

ጽጌ ዛሬ ተፈጸመ። ከማኅሌት መልስ የመጀመሪያውን ከፈትሁት። ከላክሁት ወዲህ የዳሩን እርማት እንጂ ድርሰቱን ራሱን አላነበብሁትም ነበር።

«በዕለቱም ተለቀሰ። ፍትሐት ተደረሰ። በክብር ተቀበረች። ተዝካሯም ወጣ።»

አሳምሬ ነው የጻፍሁት ያልሁት ይህን ነው? ሰው የለበትም። እንደ እድር ማስታወቂያ ነው። ውዴ ራሷ የለችበትም፤ «ባለቤቴ» ብዬ ነው የጠራኋት። እመቤት በስንቱ ቦታ «ማን?» ብላለች። ማን ተሸከመ? ማን ቀበረ? መጀመሪያ ጊዜ ልቤ የገባው አንዱ ብቻ ነበር፤ የተቀረውን እንደ ሰዋስው ሕግ ነው ያነበብሁት።

ተሸከመ ለሚለው ሞላንና የጎረቤቶቻችንን ስም አስገባሁ። ቀበረ ለሚለውም ሰው ተገኘ። ተለቀሰ ላይ ስደርስ ቆምሁ። ማን አለቀሰ? ሞላ አለቀሰ። ኤደን ጸጉሯን ነጭታ አለቀሰች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ደረቱን ደቃ። እኔስ? «አለቀስሁ» ብዬ ጻፍሁ። አጠፋሁት። ውሸት ነው።

ኅዳር ፱

አሁንም እዚያችው ቃል ላይ ነኝ። ሦስት ቀን በአንድ ቃል! የኔታ ቢሰሙ ስሜን ከጌጡ ጋር ያስተካክሉት ነበር።

ምን ብዬ ልጻፍ? የራሱን ሚስት ቀብሮ ያላለቀሰ ሰው ይጽፋል እንዴ? የመላኪያው ጊዜ እያለቀ ነው። ዛሬ ለእመቤት በመልእክት ጠየቅኋት። እንዲህ ብዬ፦ ተለቀሰ የሚለውን ለማቃናት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ያን ቀን አላለቀስሁም፤ ምን ይሻላል?

ከላክሁት በኋላ አፈርሁ።

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

መለሰች።

«ካላለቀስክ አላለቀስኩም በል። ከዚያ ምን ስታደርግ እንደነበር ንገረኝ። ደግሞ ጎበዝ፤ ተመልሰህ መጣህ።»

ጎበዝ አለችኝ። ዳገቱ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ከጎኔ የቆመ ሰውዬ ዞሮ አየኝ፤ አንቱ ደኅና ነዎት አለኝ።

ኅዳር ፲፫

ዛሬ ከቤት አልወጣሁም። ጻፍሁ። ለራሴም እዚህ ላስቀረው፤ ስልክ አይታመንም።

«ውዴ ልታርፍ ስትል የሆስፒታሉን ክፍል ሰው ሞልቶት ነበር። ወንድሟ ቄስ ሞላ መስቀል ይዞ ቆሟል። እኔ ከራስጌዋ ቆሜያለሁ፤ ጥምጣሜን አስሬ። ዓይኗን ገለጠችና ‹አንተ፣ እግሬን በረደኝ› አለችኝ። ሰው ፊት አንተ ብላኝ አታውቅም። ሁሉም ወደኔ ዞረ። አንዲት ነርስ ፈገግ አለች። ጋቢዬን አውልቄ እግሯን ጠቀለልሁላት፤ ቁጭ ብዬ በእጄ አሻሸሁላት። ‹ሞቀሽ?› አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ቀብሯ ላይ ሞላ አለቀሰ። ኤደን አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም። ዜማ መራሁ። ሌላው ድምፁ ሲሰበር የኔ አልተሰበረም። ‹መሪጌታ ጸኑ› ሲሉ ሰማሁ። አልጸናሁም። ዜማው ከቆመ እኔም እዚያው እንደምወድቅ አውቅ ስለነበር ነው ያላቆምሁት። ቤት ስገባ ሰው ተከትሎኝ ገባ፤ ሰው ሲወጣ ደግሞ ለቅሶው ጊዜው ያለፈበት መሰለኝ።»

ይኸው ነው። ሰባት ጊዜ አቃናሁት። ያችኑ። በዕድሜዬ አንድ ነገር ሰባት ጊዜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። በተመለስሁባት ቁጥር ውዴ አዲስ ነገር ይዛ ትጠብቀኛለች። ነርሷ ፈገግ ማለቷን እንኳ በአራተኛው ነው ያስታወስሁት።

ኅዳር ፲፬

ላክሁት። ነቢያት ነገ ይገባል። ቤቱን ጠረግሁ። የውዴን ነጠላ አጥፌ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁ፤ እስካሁን ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር።

ኅዳር ፲፰

ምንም የለም። ዳገቱ ላይ ወጣሁ፣ ወረድሁ። ማስተዋልን አገኘኋት፤ ካነጋገርኋት ወዲህ ቢጫውን ማንበብ እንደጀመረች ነገረችኝ። «ለካ ቀልድም አላት» አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር፤ ለኔ ቀልዳልኝ አታውቅም።

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን

ማኅሌት ቆምሁ። ቅኔ አቀረብሁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳገቱ ላይ ወጣሁ። መጥቷል። እዚያ ሰው መሐል ላነበው አልፈለግሁም፤ እንዲከፈት አደረግሁና ስልኩን ደረቴ ላይ ይዤ ቤቴ ወረድሁ።

«ይድረስ ለመሪጌታ አያሌው። ድርሰትዎ አልፏል። የማርመው አላገኘሁበትም። እስካሁን ‹አንተ› እያልኩ በመጻፌ እጅግ አፍሬያለሁ፤ ማን እንደሆኑ አላወቅኩም ነበር። እባክዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አክባሪዎ፣ እመቤት።»

አለፍሁ። ለኤደን ደወልሁላት፤ እልል አለች። ለአቶ ይሻው እነግራቸዋለሁ ነገ። ደስ ሊለኝ ይገባል … ደስም ብሎኛል።

ሽሮ ሠራሁ። ከመብላቴ በፊት መልእክቱን ደግሜ አነበብሁት። ቢጫ የለም። ጥያቄ የለም። እርስዎ፣ እባክዎ፣ አክባሪዎ። ምን አጠፋች? አከበረችኝ እንጂ። ውዴ እግሬን በረደኝ ያለችበትን አንብባ ነው ማንነቴን ያወቀችው። ያን በመጻፌ አለፍሁ፤ ያን በመጻፌ አንተ የሚለኝ ሰው ዳግመኛ ሄደብኝ።

«አንተ በይኝ» ብዬ ልጽፍላት ጀመርሁ። መሪጌታ እንዲህ ተብሎ ይለመናል? … ጻፍሁት። ላክሁትም። መሄዱን አላውቅም፤ እዚህ ቤት ኔትወርኩ ለመደወል እንጂ ለመላክ አይበቃም። ምናልባት ነገ ዳገቱ ላይ ይሄድ ይሆናል።

ከዚያ ድርሰቱን ከፈትሁት። «እኔ አላለቀስሁም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ልክ አይደለም። ላቃናው ብዬ ነካሁት፤ ስልኩ «ተዘግቷል፤ ማስተካከል አይቻልም» አለኝ። እንግዲያው እዚህ አርመዋለሁ።

ማን አለቀሰ?

እኔ።

የት ነበርህ?

እዚሁ፣ ቤቴ፣ ሽሮው እየቀዘቀዘ። ጋቢውን እግሬ ላይ ጠቅልዬ።

አለቀስሁ።